ቅዝቃዜ የሚደብቀው ላብ

የእግር ተጓዥ ሰውነት ውሃ የሚያጣው በላብ፣ በትንፋሽ፣ በሽንትና ጥቂቱን በዓይነ ምድር ነው። ቤቱ ተቀምጦ የሚውል ሰው አብዛኛውን የሚያጣው በሽንት ነው፤ አቀበት ሲጀመር ግን ላብ ሁሉንም ይቀድማል። ቦርሳ ያዘለ ጎልማሳ ደህና አየር ባለበት ቀን ዳገት ሲወጣ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ቢያልበው የተለመደ ነው። ፀሐይ ስትበረታና እርምጃው ሲፈጥን ከዚያም ያልፋል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ለእንቅስቃሴ የሚውለው ከሩብ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ያን ሙቀት ከቆዳ ላይ ጠርጎ የሚወስደው የሚተን ላብ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላብ ባይኖር ኖሮ ዳገት የሚወጣ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ትኩሳት እንደያዘው በሽተኛ በጋለ ነበር።

ይህ ስሌት ለኪሊማኒ ነዋሪ በቀላሉ አይታየውም። ኪሊማኒ ከናይሮቢ መሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሰፈር ናት፤ ስሟም በስዋሂሊ «ኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ (ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ነው) በያያ ሴንተር አካባቢ ሚኒባስ የሚጠብቁ ተጓዦች ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው ይታያሉ። በሐምሌ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከ12 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ቦርሳቸው ውስጥ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ባትሪ አለ፤ በጎን ኪሱ ደግሞ አንዲት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ። ከአዲስ አበባ የመጣው ከሌላው ይብሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያደገ ሰው «ደጋ ለደጋ ነው» ብሎ ውሃውን ጭራሹን ይቀንሳል። የስህተቱ ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ የሚያስፈልገው ለሙቀት ብቻ ይመስላል፤ ለሥራው መሆኑ ይዘነጋል።

የአካባቢው ስሞች ግን ውሃንና ብርድን አስተባብረው ይዘዋል። ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው «ቀዝቃዛ ውሃ» ከሚለው የማሳይ አጠራር ነው። ንጎንግ ደግሞ «የአውራሪስ ምንጭ» ከሚል ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ስም ነው። የንጎንግ ኮረብታዎች ሸንተረር በስተደቡብ የሚያበቃበት ቦታ ኮና ባሪዲ ይባላል፤ ትርጉሙ ቀዝቃዛው መታጠፊያ ነው። ኮረብታዎቹ ከኪሊማኒ በጣም ቅርቡ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ናቸው። በንጎንግ መንገድ ዳር ቆሞ 111 ቁጥር ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) የሚሳፈር ሰው ንጎንግ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያ ኮረብታዎቹ መግቢያ ላይ እስካለው የደን አገልግሎት በር ድረስ ቦዳቦዳ (የኪራይ ሞተር ብስክሌት) አለ።

ከበሩ በኋላ ያለው ሸንተረር ሰባት ጉብታዎች አሉት፤ ከፍተኛው 2,460 ሜትር ነው። ተጓዡ ወጥቶ ይወርዳል፣ ወርዶ ይወጣል። በስተምሥራቅ ናይሮቢ ተዘርግታ ትታያለች፤ በስተምዕራብ መሬቱ ገደል ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ነፋሱ ሸንተረሩን ሳያቋርጥ ይመታዋል፤ ኬንያ በዚያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተከለችው በከንቱ አይደለም። ተጓዡን የሚያታልለውም ይኸው ነፋስ ነው። ላብ ገና ብቅ ከማለቱ ይተናል። ሸሚዝ አይርስም፣ ግንባር አይንጠባጠብም፤ ሰውየው «አላላበኝም» ይላል። እውነቱን የሚናገረው ኮፍያው ነው። ከሰዓት በኋላ ሲያወልቀው በጠርዙ ዙሪያ ነጭ የጨው መስመር ተሠርቶ ያገኘዋል። ውሃው ሄዷል፤ የቀረው ጨዉ ነው።

ብርድም የራሱ ተንኮል አለው። ቆዳ ሲበርደው ደም ወደ መሃል አካል ይሰበሰባል። አንጎል ይህን እንደ ፈሳሽ መብዛት ይቆጥረውና የጥምን ስሜት ያለዝባል፤ ኩላሊትም ሽንት ይጨምራል። ጠዋት ከሚኒባስ እንደወረዱ ቁጥቋጦ የሚፈልጉ ተጓዦች የበዙት በመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አተነፋፈስ ይፈጥናል፤ ሳንባ የሚስበውን ደረቅ አየር አርጥቦ ስለሚመልስ እያንዳንዱ ትንፋሽ ጥቂት ውሃ ይዞ ይወጣል።

ጥም ራሱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የጉሮሮ መድረቅ ይመስለዋል፤ መነሻው ግን ደም ውስጥ ነው። ውሃ ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይወፍራል። በአንጎል ሥር የሚገኙ ሕዋሳት ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ የምትሆነውን የውፍረት ለውጥ ለይተው ያውቃሉ። ወዲያው ሁለት ነገር ያዛሉ፤ አንዱ ጥም ነው፣ ሁለተኛው ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ሽንት የሚጠቁረው በዚህ ሆርሞን የተነሣ ነው። ስለዚህ «ከጠማህ ዘግይተሃል» የሚለው በየጂሙ የሚሰማ ማስፈራሪያ የሰውነትን ብልሃት ማናናቅ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በአጭር ጉዞ ላይ ጥሙን ቢከተል ብዙም አይሳሳትም። ጥም የማይታመንባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ። አንዱ ከላይ የተነገረው ብርድ ነው። ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ በሽማግሌዎች ዘንድ የጥም ስሜት ይዳከማል። ሦስተኛው ጨዋታ ነው፤ ልጆችና በወሬ የተጠመደ ቡድን ጥማቸውን አይሰሙም።

የውሃ ማነስ ጉዳት የሚለካው በክብደት ነው። የሰውነቱን ክብደት ሁለት በመቶ በላብ ያጣ ሰው፣ ማለትም ከ70 ኪሎው 1.4 ኪሎ የጎደለበት፣ በተለይ በሙቀት ውስጥ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ዳገቱ ይከብደዋል፣ ትዕግሥቱ ይቀንሳል። ይህ ግን ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ እንዳጣ ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። በኬንያ የሠለጠኑ ሯጮችን ለቀናት የተከታተለ ሌላ ጥናትም ሯጮቹ በልምምድ መሃል ጥቂት ብቻ እየጠጡ፣ ቀኑን ግን ውሃና ወተት ያለበት ሻይ እንዳሻቸው እየወሰዱ ክብደታቸውን ከቀን ወደ ቀን ጠብቀው እንደቆዩ አሳይቷል። ከዚህ «ውሃ አያስፈልግም» የሚል ትምህርት የሚቀዳ ሰው ተሳስቷል። ሁለት ሰዓት ሮጦ የሚጨርስና ሐኪም የሚጠብቀው የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ሌላ ነው፤ ስድስት ሰዓት ቋጥኝ ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ሌላ ነው።

በተቃራኒው ያለው አደጋ ብዙም አይወራም። አማርኛ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ይላል፤ አባባሉ ስለ ወንዝ ቢሆንም በጠርሙስ ላለውም ይሠራል። ሰውየው ሳይጠማው በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል እየተጋተ ቢውል ኩላሊት ያን ሁሉ ማስወጣት አይችልም፤ የችሎታው ጣሪያ በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም አያልፍም፣ በልፋት ጊዜ ደግሞ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የደም ሶዲየም ይቀጥናል። ውሃው ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ አንጎልም ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ይበልጥ የተጋለጡትም ከመነሻቸው ክብደት ጨምረው የገቡት ነበሩ። ሮጦ መክበድ የሚቻለው በመጠጣት ብቻ ነው። በቀስታ የሚሄድ፣ ብዙም የማያልበውና «ውሃ ጠጡ» የሚል ምክር አብዝቶ የሰማ ጀማሪ ተጓዥ ለዚህ ከሯጩ ይልቅ ቅርብ ነው።

ታዲያ ስንት ይያዝ? ሎንጎኖት ጥሩ ማስሊያ ነው፤ የኪሊማኒ ተጓዦችም ከንጎንግ ቀጥሎ የሚጎርፉት ወደዚያ ነው። ተራራው በናይቫሻ መንገድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የቆመ እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍተኛ ጫፉ 2,776 ሜትር ነው። ከፓርኩ በር እስከ ገሞራው አፍ ጠርዝ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ አቀበት አለ። ጠርዙን መዞር ሌላ 7.2 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመለሱ በድምሩ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ መደበኛ ተጓዥ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስድበታል። በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ቢታሰብ ከሁለት ሊትር እስከ ሦስት ሊትር ከሦስት ሩብ ማለት ነው። ጥላ የለም። አፈሩ እግርን የሚያንሸራትት ልል አቧራ ነው። ዝቋላ ተራራ አናት ላይ ገዳሙ ሐይቅ አለው፤ የሎንጎኖት አፍ ግን ዛፍ እንጂ ውሃ አልያዘም፤ በጠርዙ ላይም የሚቀዳ ምንጭ የለም። ግማሽ ሊትር ይዞ የወጣ ሰው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ጠርሙሱ አልቋል፤ የቀረው መንገድ ደግሞ ከመጣበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ያን ጊዜ መዞሩን ትቶ መመለስ ነው የሚሻለው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ውሃ እየለመነ ዙሩን የጨረሰ ቡድን ሲመለስ ሁሉም ራስ ምታት ይዞት ነው።

ከአማካይ ስሌት የሚበልጠው የራስን ላብ ማወቅ ነው፤ ለዚያም የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል። በኪሊማኒ አቅራቢያ ባለው የናይሮቢ አርቦሬተም፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በተመሠረተው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ፣ ለአንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ከመውጣት በፊት ሽንት ቤት ገብቶ፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ መመዘን፤ ሲመለሱ ላብን አድርቆ እንደገና መመዘን። የጎደለው ኪሎ በመሃል ከተጠጣው ሊትር ጋር ሲደመር የሰዓቱ ላብ ይገኛል፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። ልኬቱ በዳገትና በፀሐይ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከግምት ይሻላል። አንዱ 400 ሚሊ ሊትር፣ አብሮት የሄደው ጓደኛው 900 ሊያገኝ ይችላል። ለሁለቱም «ሁለት ሁለት ሊትር ያዙ» ብሎ ማዘዝ ለምን እንደማይሠራ እዚህ ላይ ይታያል።

ዕቃውም የራሱ ሕግ አለው። ኬንያ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በብሔራዊ ፓርኮች፣ በደኖችና በሌሎች ጥብቅ ቦታዎች ከልክላለች፤ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የውሃ ጠርሙስም በዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወታደር ቤት ያስለመደው ኮዳ፣ የብረት ጠርሙስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ሆኖ በቱቦ የሚመጠጥ የውሃ ከረጢት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ሳይቆሙ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ስለሚያስችል ይወደዳል፤ ጉድለቱ ስንት እንደቀረ አለመታየቱ ነው። ብዙ ተጓዥ ማለቁን የሚያውቀው ቱቦው አየር ሲስብ ነው። የአንድ ሊትር ኮዳ ከጎን ቢጨመር ይህን ችግር ይፈታል፤ የመጨረሻው ሊትር የት እንዳለ ይታወቃል።

ኮዳው የሚሞላው ከምንድን ነው? የናይሮቢ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከንዳካይኒ ግድብ ይመጣል፤ በፈረቃ ስለሚለቀቅ ግን የኪሊማኒ አፓርታማዎች በጉድጓድ ውሃና በቦቴ ይደጉሙታል። ሕንፃው አናት ላይ ያለ ታንከር ውስጥ የሰነበተን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ጥንቃቄ እንጂ ቅንጦት አይደለም። በኪሊማኒ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ለሦስት ደቂቃ ሲንተከተክ መቆየት አለበት። ማፍላት የማያወጣው ፍሎራይድን ነው። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በኬንያም በኢትዮጵያም በፍሎራይድ ይታወቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ይበልጣል። ለአንድ ቀን ጉዞ ጉዳት የለውም፤ በየቀኑ ለሚጠጣ ልጅ ግን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚታየውን የበለዘ ጥርስ ያመጣል።

ውሃ ብቻውን አይበቃም። በላብ የሚወጣው ሶዲየም ከሰው ሰው ቢለያይም በሊትር አንድ ግራም ገደማ ነው። ከሁለት ሰዓት ላነሰ መንገድ የሚቀጥለው ምግብ ይተካዋል። ረዘም ላለው ግን ጨው ያለው ስንቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል የሀበሻ ቤት ከማንም በልጦ የተሰናዳ ነው። በግሸን ማርያም መንገድ ምእመናን ሲይዙት የኖረው በሶ ከውሃ፣ ከጥቂት ጨውና ከማር ጋር ሲበጠበጥ ፈሳሽንም ስንቅንም በአንድ ኩባያ ያስገኛል። ቆሎ ሌላ ነገር ነው፤ ጨው ይሰጣል፣ ጉልበትም ይሰጣል፣ ነገር ግን ደረቅ ስለሆነ ውሃ ይጠራል። ቆሎ የያዘ ሰው ግማሽ ሊትር ይጨምር። ከማማ ምቦጋ፣ ከመንገድ ዳር አትክልት ሻጯ፣ የሚገዛ ብርቱካን ከክብደቱ 87 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ እግረ መንገዱንም ፖታሲየም ይሰጣል። ከዚህ የከበደ ማካካሻ፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከገጠመ፣ ኦ.አር.ኤስ. ነው። በኢትዮጵያ «ለምለም» በሚል ስም ሲሸጥ የሚታወቀው ይህ ዱቄት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበጠበጣል። ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በማንኪያው አፍ ልክ ተስተካክሎ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ይተካዋል። ጨው ማብዛት ግን ጉዳት ነው።

ቡና በሐሰት ይከሰሳል። ለለመደው ሰው ጠዋት ሁለትና ሦስት ስኒ ከሚወስደው ውሃ የሚያመጣው ይበልጣል። ክስ የሚገባው ለአልኮል ነው። ቫሶፕሬሲንን ስለሚያፍን ኩላሊት ውሃውን ይለቀዋል፤ ዓርብ ማታ በኪሊማኒ መጠጥ ቤቶች ያመሸ ተጓዥ ቅዳሜ ማለዳ ገና ሳይነሣ ጎድሎበታል። ጾም ላይ ያለ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የሚከለከለው ጥሉላት እንጂ ውሃ ስላልሆነ፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ የሳምንቱ መጨረሻ ጉዞ አያስቸግረውም። በረመዳን ለሚጾም ሙስሊም ግን ሙሉ ቀን የሚወስድ ተራራ ለሌላ ወር ቢተላለፍ ይሻላል።

ሌናና ጎዳና ኪሊማኒን ያቋርጣል፤ ሌናና ጫፍ ደግሞ 4,985 ሜትር ላይ የኬንያ ተራራ ተጓዦች የሚደርሱበት ከፍታ ነው፤ ሁለቱም በአንድ የማሳይ መንፈሳዊ መሪ ስም ተሰይመዋል። በዚያ ተራራ ችግሩ ይገለበጣል፤ ጅረት ሞልቷል፣ ግን ሳይታከም አይጠጣም። ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ ይወርዳል፣ ነዳጅም ያልቃል፤ ስለዚህ በኬንያ «ዋተርጋርድ»፣ በኢትዮጵያ «ውሃ አጋር» በሚል ስም የሚታወቀውን የመሰለ ክሎሪን መያዝ ይቀላል። ወደ ጫፉ የሚወጣው በሌሊት ስለሆነ ውሃው በጠርሙስ አፍ በኩል ይረጋል። አስጎብኚዎች ጠርሙሱን ገልብጠው ያስይዛሉ፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ ነጻ ይቀራል። የከረጢቱ ቱቦ ከሁሉ ቀድሞ ይደነድናል።

በዚያ ከፍታ ራስ ምታት ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የውሃ ማነስ፣ የውሃ መብዛት ወይም የከፍታ ሕመም። ሽንት ጠቁሮ፣ አፍ ደርቆ፣ ሲቆሙ ካዞረና ከጠጡ በኋላ በሰዓት ውስጥ ከተሻለ የመጀመሪያው ነው። ሽንት እንደ ውሃ ነጥቶ፣ ጣቶች አብጠው ቀለበት ከጠበቀና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሁለተኛው ነው፤ ለዚህ ሰው ውሃ መጨመር መርዝ ነው፣ ጨዋማ ነገር ይሰጠዋል፣ ግራ ከተጋባ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሆኖ፣ በደንብ ጠጥቶም የማይለቅ ራስ ምታት ከምግብ መጥላት ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው። ብዙ መጠጣት አይከላከለውም፣ አያድነውም፤ መድኃኒቱ አለመውጣት፣ ከባሰም መውረድ ነው። ላቡ ቆሞም ሆነ እየፈሰሰ፣ ሰውነቱ ግሎ የሚቀባዥር ሰው ደግሞ በሙቀት ተመትቷል፤ ጥላ ሥር አስገብቶ፣ ውሃ አፍስሶበት፣ እያራገቡ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። ንግግሩ የተዘባረቀ ሰው አፍ ውስጥ ግን ውሃ አይፈስም፤ ትን ይለዋል።

መጠጣቱ የሚያበቃው ሚኒባሱ ኪሊማኒ ሲደርስ አይደለም። ለጎደለ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ፣ ከራት ጋር፣ በየመሃሉ፣ እስከ መኝታ ድረስ ይጠጣል፤ ከሚጠጣው ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ ነው ከጎደለው የሚበልጠው። ሽሮም ሆነ ምስር ወጥ ጨዉን ይመልሳል። እሁድ ጠዋት ሚዛኑ ቅዳሜ ማለዳ ያሳየውን ቁጥር ካላሳየ፣ ውሃው ገና አልተመለሰም።